ከጓሮ እስከ ቤተ ሙከራ፦ የባህል መድኃኒት ዕፅዋት ጉዞ

ጤና ጣቢያ በቅርብ ባልነበረበት ዘመን የአርሶ አደሩ የመጀመሪያ ሐኪም የገዛ ጓሮው ነበር። እሳት ያቃጠለው ሰው ሲኖር የእሬት ቅጠል ተሰንጥቆ ፈሳሹ ይቀባለታል። ሆዱን ለቆረጠው ጤና አዳም፣ ምች ለመታው ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል። ፌጦም ከብዙ ቤት አይጠፋም ነበር።

ተባይን ለመከላከል ደግሞ ዋናው መሣሪያ ጢስ ነው። ወይራና ጥንጁት የወተትና የጠላ ዕቃ ከማጠን አልፈው ትንኝን ከቤት ለማባረር ሲያገለግሉ ኖረዋል።

ይህን ዕውቀት በዕለት ተዕለት ኑሮ ያቆዩት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ደብተራዎችና የባህል ሐኪሞችም በብራና መጻሕፍት ጽፈው አስተላልፈውታል። ሆኖም ብዙው ዕውቀት ለአንድ የተመረጠ ልጅ ብቻ በምስጢር ስለሚነገር ከባለቤቱ ጋር የተቀበረው ቀላል አይደለም።

የጓሮ ዕፅዋት አቅም ወሰን እንዳለው በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በዚያ ዓመት በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺህ ያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ የዲዲቲ ርጭት ተስፋፋ። ርጭቱ ብዙ ሕይወት ቢያድንም ትንኞቹ እየተላመዱት መጡ። በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም እ.ኤ.አ. በ2001 የስቶክሆልም ስምምነት አጠቃቀሙ እንዲገደብ አድርጓል።

የገጠሩን ዕውቀት ለዓለም ያስተዋወቀው ግን እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከወንዙ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ ሲጨመርባቸው ሞቱ። ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ በመሆኑ ግኝቱ ትልቅ ተስፋ ሰጠ። በዓድዋ በተካሄደው የ5 ዓመት ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶ/ር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ዶ/ር አክሊሉም የተሳተፉበትን ምርምር መሠረት በማድረግ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ቅርፊት እንስሳትን ለማጥፋት የመጠቀም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። በዚህ ጊዜ “ለዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት እናቶች ድርሻ የት አለ?” የሚል ጥያቄ ተነሣ። በኢትዮጵያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን በሕግ በማወቅ ማኅበረሰቡ ከጥቅሙ እንዲካፈል መብት ሰጥቷል።

ምርምሩም ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት በቆቃ አካባቢ የሎሚ ሽታ ያለው ባሕር ዛፍና የዳማከሴ ዘመድ የሆኑ ዕፅዋት ቅጠል ሲጤስ የወባ ትንኝን እንደሚያርቅ ተረጋግጧል። ይህ ማለት ግን ጢስ አጎበርን ይተካል ማለት አይደለም። ትኩሳት የያዘው፣ እባብ የነደፈው ወይም ጥልቅ ቁስል የደረሰበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። እንዶድም ቢጠጣ መርዝ ነው።

ከዚህ ታሪክ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው። ዕፅዋቱ ከአጥርና ከወንዝ ዳር ተመንጥረው ሳያልቁ በችግኝ ጣቢያ ማባዛት፣ የአረጋውያንን ዕውቀት በስማቸው መዝግቦ ማቆየት፣ ገበያ ሲገኝም በጋራ መደራደር ይገባል። ዓድዋ ወንዝ ዳር የነበሩት እናቶች ስም በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም፤ የነገዎቹ ግን ሊሰፍር ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንድ አርሶ አደር ብቻውን የማያስከብረውን መብት ማኅበሩ ያስከብርለታል።