ሌባው ወይስ እሳቱ?

ሳንሱሲ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። በፈረንሳይኛ «ሳን ሱሲ» ማለት «ያለ ስጋት» ማለት ነው። የእኛ እድር ግን ስጋት አያጣም። አንዴ ድስትና ወንበር ስለተሰረቀ የአዳራሹ የኋላ በር በሰንሰለትና በጓጉንቸር ይታሰራል። ዘንድሮ በሩ ይቀየር ሲባል ዋጋ እንዳጣራ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ሁለት አማራጭ ይዤ ተመለስኩ፦ አንዱ መቀርቀሪያና ጓጉንቸር ያለው ተራ የላሜራ በር፣ ሌላው ከውስጥ በአግድም የተገጠመ ዘንግ ያለውና ዘንጉን ሲገፉት ወዲያው የሚከፈት በር። ሻጮቹ ዘንጉን «ፓኒክ ባር» ይሉታል። የሁለተኛው ዋጋ ሲነበብ ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ሌባው ነው ወይስ እሳቱ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የዚህን ብረት ታሪክ ሳነብ ግን ያው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲፈጅ እንደኖረ ገባኝ።

እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1883 በሰሜን እንግሊዝ ሰንደርላንድ ከተማ፣ ቪክቶሪያ ሆል በሚባል አዳራሽ የልጆች ትርኢት ነበር። መጨረሻ ላይ ሽልማት እንደሚሰጥ ሲነገር ፎቅ ላይ የነበሩት ልጆች ወደ ታች ሮጡ። ከደረጃው ግርጌ ያለው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ሲሆን፣ አንድ ልጅ ብቻ እንዲያሳልፍ ገርበብ ተደርጎ ተቀርቅሯል። ከፊት ያሉት ተጣበቁ፤ ከኋላ ያሉት አላዩም። 183 ልጆች ሞቱ። ልብ በሉ፣ እሳት የሚባል ነገር አልነበረም። የገደላቸው በሩ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1892፣ ሮበርት አሌክሳንደር ብሪግስ የተባለ እንግሊዛዊ ሰው ሲገፋው የሚለቅ መቀርቀሪያ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ።

ሐሳቡ ግን በቶሎ አልተስፋፋም። ዲሴምበር 30 ቀን 1903 ቺካጎ ውስጥ ገና በወሩ የነበረው፣ «ፈጽሞ እሳት አይበላውም» ተብሎ የተወራለት ኢሮኮይ ቲያትር ተቃጠለ። በርካሽ ቲኬት የገባ ሰው ወደ ውዱ ወንበር እንዳይወርድ ደረጃዎቹ ላይ የብረት በር ተቆልፎ ነበር። ሌሎቹ በሮች ደግሞ ተመልካቹ አይቶት የማያውቅ መቀርቀሪያ ነበራቸው። 602 ሰው አለቀ።

ያን ቀን ትርኢቱን ለማየት አስቦ ሥራ ይዞት የቀረ ሰው ነበር፤ ካርል ፕሪንዝለር ይባላል። ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በቮኔጋት የብረታ ብረት መደብር ይሠራ ነበር። (አዎ፣ የደራሲው የከርት ቮኔጋት ቅድመ አያት የመሠረቱት መደብር ነው።) ፕሪንዝለር ሄንሪ ዱፖንት ከተባለ መሐንዲስ ጋር ሆኖ በ1908 ዘንጉን ለገበያ አበቃው። ስሙም ከሦስቱ ስሞች ተገጣጥሞ «ቮን ዱፕሪን» ተባለ። ዛሬም ይሸጣል።

የብረቱ ብልሃት ቀላል ነው፦ ከውጭ ቁልፍ ይጠይቃል፣ ከውስጥ ምንም አይጠይቅም። እጀታ ፍለጋ የለም፤ በጨለማም፣ በጭስም፣ ሰው ተደራርቦም ሰውነት ከተደገፈበት ይከፈታል።

መድኃኒቱ ገበያ ላይ እያለም በር መቆለፉ አልቀረም። ማርች 25 ቀን 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል የዘጠነኛው ፎቅ አንዱ መውጫ ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞች ጨርቅ እንዳይሰርቁ ተብሎ። 146 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። ባለቤቶቹ ተከሰው በነፃ ተለቀቁ። በኋላ በፍትሐ ብሔር ክስ ለአንድ ሟች የተከፈለው 75 ዶላር ነው። በ1913 ከባለቤቶቹ አንዱ በሌላ ፋብሪካው በር ቆልፎ ተገኘና 20 ዶላር ተቀጣ። ስለ በር ዋጋ ስናወራ እነዚህም ዋጋዎች ናቸው።

ወደ እኛ እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካና ወርክሾፕን፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ምድብ «ሐ» ውስጥ መድቦ ነበር። ሰው የሚሰበሰብበት የሰፈር አዳራሽ በዚያ ሕግ ዓይን ከትልቁ ሆቴል ጎን ይቆም ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ዋጋው ለምን ይለያያል? ባለ አንድ ተከፋች በር ላይ፣ ከገጹ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ርካሹ ነው። ባለ ሁለት ተከፋች ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች የሚቆልፍ ቋሚ ዘንግ ይፈልጋል፤ ዋጋው ይጨምራል። ዘንጉ በሩ ውስጥ ከተደበቀ ደግሞ የበለጠ ይወደዳል። የእሳት በር ላይ የሚገጠመው ሲዘጋ ሁልጊዜ መያዝ አለበት፤ ጭስ እንዳያሳልፍ። ከውጭ እጀታና ቁልፍ ሲጨመር ሌላ ሂሳብ ነው። ሲከፈት የሚጮህ ደወልም አለ፤ እቃ ይዞ በኋላ በር ሹልክ ለሚል መድኃኒቱ እሱ ነው። ሻጩን «ኢኤን 1125 ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ የአውሮፓ ደረጃ ዘንጉ ቢያንስ 100 ሺህ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቶ እንዲፈተን ያስገድዳል። ደግሞ ብየዳው የተጣመመ በር ላይ ውድ ዘንግ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

በቀጣዩ ስብሰባ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። «አባባ፣ ሌባውም እሳቱም ነው፤ ይሄ ብረት ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አይልም» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ገንዘቡ እስኪሞላስ?» አሉ።

ገንዘቡ ገና እየተዋጣ ነው። እስከዚያ ግን አንድ ሕግ ወጥቷል፤ ምንም አያስከፍልም። ሰው ከመግባቱ በፊት ዘበኛው የኋላውን በር ይከፍታል፤ ጓጉንቸሩንም ከነሰንሰለቱ የፊት በር ላይ፣ ሁሉም የሚያየው ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። እዚያ ካልተሰቀለ ማንም አይገባም።