ከመውቂያ በትር እስከ ትራክተር ማጨጃ፤ የአንድ ማጠፊያ ታሪክ

በግብርና መሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ አንድ አሳብ ተሞክሮ ከተጣለና ለረጅም ዘመን ከተረሳ በኋላ እንደገና ተነሥቶ ሥራ ላይ ሲውል ይታያል። በትንንሽ ትራክተሮች ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ሣርና ቁጥቋጦ የሚቆርጠው ባለ ተወዛዋዥ ቢላዋ ማጨጃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚህ መሣሪያ ዋና ጠባይ ቢላዋው በዘንጉ ላይ አለመጣበቁ ነው። እያንዳንዱ ቢላዋ በማጠፊያ ተንጠልጥሎ እንደ ልብ ይወዛወዛል፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆምም የሚያደርገው የዘንጉ ሽክርክሪት ብቻ ነው። መሣሪያውን የሚገዛ ወይም የሚንከባከብ ባለሙያ የዚህን ማጠፊያ ታሪክና ጠባይ ካልተረዳ፣ ሲመርጥ ይሳሳታል፤ ሲጠግንም አደጋ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በትሩና ማጠፊያው

በአገራችን እህል በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ፣ በአውሮፓ ደግሞ ገበሬው ለብዙ መቶ ዓመታት የሚወቃው ሁለት እንጨቶችን በቆዳ ጠፍር በማያያዝ ነበር። ረጅሙ እንጨት እጀታ፣ አጭሩ መቺ ነው። ገበሬው እጀታውን ሲያነሣ አጭሩ እንጨት በአየር ላይ ዞሮ በነዶው ላይ በሙሉ ጎኑ ያርፋል። የጠፍሩ ጥቅም ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ምቱ በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በእንጨቱ ርዝመት ሁሉ ያርፋል። ሁለተኛ፣ ከመሬቱ የሚመለሰው ንዝረት እጅ ሳይደርስ በማጠፊያው ላይ ይቀራል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ለኋለኛው ታሪክ መሠረት መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

ይህን የእጅ መሣሪያ በመኪና ለመተካት በቅድሚያ ከሞከሩት አንዱ ስኮትላንዳዊው ማይክል ሜንዚስ ነው። በ1732 የመውቂያ በትሮችን በዘንግ ላይ አስሮ በውኃ ኃይል አሽከረከራቸው። ሙከራው ግን አልሰመረም፤ በትሮቹ በፍጥነት ይሰበሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው እንጨትና ቆዳ የመኪናን ፍጥነት የሚችል አልነበረም። በ1786 ገደማ ሌላው ስኮትላንዳዊ አንድሩ ሚክል ማጠፊያውን ጨርሶ ትቶ፣ በከበሮ ላይ የማይንቀሳቀሱ መቺዎችን በመግጠም የተሳካለትን የመውቂያ መኪና ሠራ። ማጠፊያውም ከመኪናዎች ዓለም ተሰናበተ።

የሚክል መኪና በእንግሊዝ አገር በተስፋፋ ጊዜ ያስከተለው መዘዝ በመሐንዲሶች ዘንድ ሊዘነጋ አይገባም። ውቂያ ለቀን ሠራተኛው የክረምት እንጀራው ነበር። መኪናው ይህን ሥራ ስለ ወሰደበት በ1830 በኬንት አውራጃ የተጀመረው ዐመፅ በደቡብና በምሥራቅ እንግሊዝ ተዛመተ። ሠራተኞቹ የመውቂያ መኪናዎችን ሰባበሩ፤ «ካፕቴን ስዊንግ» በሚል የፈጠራ ስም የተፈረሙ የማስፈራሪያ ደብዳቤዎችም ለባለ መሬቶች ተላኩ። በመጨረሻ 19 ሰዎች በስቅላት ተቀጡ፤ ወደ 500 የሚጠጉት ደግሞ ወደ አውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ተጋዙ። በአገራችንም በ1967 በአሰላ ሥራውን የጀመረው፣ ካዱ በሚል አጭር ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በሚሠራበት አካባቢ፣ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ራሳቸው ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው መነሣታቸው የሚታወስ ነው። መኪና ሲመረጥ ዋጋውን የሚከፍለው ገዢው ብቻ አለመሆኑን ሁለቱም ታሪኮች ይመሰክራሉ።

ኃይሉ ከትራክተሩ እንዴት ወጣ

ማጠፊያው ተመልሶ እንዲመጣ ሁለት ነገሮች መሟላት ነበረባቸው፤ ይኸውም የትራክተሩን ኃይል ወደ መሣሪያው የሚያደርስ ዘንግና መሣሪያውን በትራክተሩ ላይ አጥብቆ የሚይዝ ማያያዣ ናቸው።

የመጀመሪያው የተገኘው ከአንድ ፈረንሳዊ ገበሬና መካኒክ ሥራ ነው። ጉዢ የሚባለው ይህ ሰው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በቤቱ በሠራው ትራክተር የአጫጅ መኪናን በቀጥታ በዘንግ ያንቀሳቅስ ነበር። ሥራውን ያየው የኢንተርናሽናል ሃርቨስተር መሐንዲስ ኤድዋርድ ጆንስተን አሳቡን ይዞ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ ኩባንያውም በ1918 ባለ ኃይል ማውጫ ዘንግ ትራክተር ለገበያ አቀረበ። በ1927 የአሜሪካ የግብርና መሐንዲሶች ማኅበር የዘንጉን ፍጥነትና አገጣጠም በደረጃ ወሰነ። ይህ ውሳኔ በኋላ በደቂቃ 540 ዙር ሆኖ ጸና፤ በ1958 ደግሞ 1000 ዙር ታከለበት። የአንዱ ፋብሪካ ማጨጃ በሌላው ፋብሪካ ትራክተር ላይ ሊሠራ የቻለው በዚህ የባለሙያዎች ማኅበር ስምምነት ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የሃሪ ፈርጉሰን ሥራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአየርላንድ የትራክተሮችን አሠራር እንዲያሻሽል የተጠየቀው ይህ መሐንዲስ፣ ማረሻው ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂውን እንደሚገድል አየ። መፍትሔውም ማረሻውን በሰንሰለት ከመጎተት ይልቅ በሦስት ነጥብ አያይዞ በሃይድሮሊክ ማንሣትና መቆጣጠር ሆነ። አሠራሩ በ1936 በፈርጉሰን ብራውን ትራክተር፣ በ1939 በፎርድ 9 ኤን፣ ከ1946 እስከ 1956 ደግሞ በኮቨንትሪ ከተማ ከ500 ሺህ በላይ በተሠራው ቲ ኢ 20 ትራክተር ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ትራክተር ማለት መሣሪያን በጀርባው ተሸክሞ የሚሄድና ኃይል የሚያካፍል መኪና ማለት ሆነ። በ1969 ኩቦታ ኤል 200 የተባለውን 21 የፈረስ ጉልበት ያለውን ትራክተር በአሜሪካ ገበያ ማቅረቡ ይህን አሠራር ከትልልቅ እርሻዎች ወደ አትክልት ቦታዎችና ወደ ትንንሽ ይዞታዎች አስፋፋው።

የማጠፊያው መመለስ

የትራክተር ማጨጃ ለረጅም ጊዜ እንደ መቀስ የሚሠራ፣ ጥርሶቹ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱበት ዘንግ ነበር። ይህ ዓይነቱ በትንሽ ኃይል ንጹሕ አቆራረጥ ይሰጣል፤ ነገር ግን ድንጋይ ሲያጋጥመው ጥርሱ ይሰበራል፤ የተጋደመና የተጠላለፈ ሣርም ያፍነዋል። በ1951 በአሜሪካ በሴልማ ከተማ የወጣው ቡሽ ሆግ ደግሞ አግድም የሚሽከረከር ትልቅ ቢላዋ ነበረው። ይህም ቁጥቋጦን ያለ ችግር ይቆርጣል፤ ጉድለቱ ግን ከፍጥነቱ ይመነጫል። ለምሳሌ ያህል ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.5 ሜትር የሆነ ቢላዋ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞር ጫፉ በሰኮንድ 78 ሜትር ይጓዛል። ይህ ፍጥነት አግድም ስለሆነ ያገኘውን ድንጋይ በሜዳው ላይ ወደ ዳር ይወረውራል።

በ1950ዎቹ መኖ ለማጨድ፣ በ1960ዎቹም በእንግሊዝ አገር የአጥርና የመንገድ ዳር ተክልን ለመቁረጥ የተስፋፋው ባለ ተወዛዋዥ ቢላዋ ማጨጃ ለሁለቱም ጉድለቶች መልስ ሰጠ። ዘንጉ አግድም ተጋድሞ፣ በላዩ ብዙ ትንንሽ የብረት ቢላዋዎች በማጠፊያ ተሰቅለው ከላይ ወደ ታች ይዞራሉ። የ540ው ዙር በማርሽና በቺንጋ ተባዝቶ ወደ 2000 ይደርሳል። የቢላዋው ጫፍ ከዘንጉ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ፍጥነቱ በሰኮንድ 42 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከላይኛው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው። የሚወረወረውም ነገር በአብዛኛው በክዳኑ ውስጥና በመሬቱ ላይ ይቀራል። ቢላዋው ድንጋይ ሲመታ ግን አይሟገትም፤ ወደ ኋላ ታጥፎ ያልፍና እንደገና ይቃናል። ሜንዚስ በእንጨትና በቆዳ ያልተሳካለት አሳብ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በጠነከረ ብረት ተሳካ።

ስለ አመራረጥ

በምርጫ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቆረጠው ምንድን ነው የሚል ነው። ለሣርና ለለስላሳ ቁጥቋጦ በጥንድ የሚሰቀሉ፣ እንደ ባላ የተከፈቱ ስስ ቢላዋዎች ይስማማሉ፤ ቀለል ያሉ ስለሆኑ ኃይል ይቆጥባሉ። ለደረቀ ግንድና ለጠነከረ ቁጥቋጦ መዶሻ መሰሉ ከባድ ቢላዋ ይመረጣል፤ አቆራረጡ ግን እንደ መቀጥቀጥ ነው። ለመናፈሻ ሣር በከባድ መዶሻ መሥራት ነዳጅ ማባከን ነው፤ ግንድን በስስ ቢላዋ መግጠምም ቢላዋውን ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ስፋቱ ነው። ማጨጃው ቢያንስ የትራክተሩን የኋላ ጎማዎች ዱካ መሸፈን አለበት። በሌላ በኩል ስፋቱ ከኃይሉ ማለፍ የለበትም፤ ለሣር ሥራ በአንድ ሜትር ስፋት ከ15 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት እንደ መነሻ ማሰብ ተለምዷል። የሚታሰበውም በኃይል ማውጫው ዘንግ ላይ የሚገኘው ነው እንጂ በሞተሩ ላይ የተጻፈው አይደለም።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። ከኋላ የተሰቀለ ከባድ መሣሪያ የፊት ጎማዎችን ያቀላል። ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው በፊት ጎማዎች ላይ ካልቀረ መሪው አይታዘዝም፤ በዳገት ላይም ፈርጉሰን ሊያስቀረው የደከመለት መገልበጥ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከፊት የብረት ክብደት ይጨመራል፤ አለዚያም ቀለል ያለ ማጨጃ ይመረጣል።

አራተኛው አሮጌ ትራክተሮችን ይመለከታል። እንደ ቲ ኢ 20 ባሉት የቀድሞ ትራክተሮች የኃይል ማውጫው ዘንግና የጎማው ማርሽ በአንድ ፍሪሲዮን የተሳሰሩ ነበሩ። ነጂው ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሞተሩ ይለያል፤ የከባዱ ዘንግ ሽክርክሪት ግን በማርሹ በኩል ጎማዎቹን ይገፋል፤ ትራክተሩም ለመቆም እንቢ ይላል። እንዲህ ባለው ትራክተር ላይ ኃይልን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መጋጠሚያ ሳይደረግ ማጨጃውን ማሠራት በፍጹም አይገባም።

ስለ አያያዝ

የመሣሪያው ጤና በሚዛኑ ላይ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝንና የክብደቱ ማዕከል ከዘንጉ 15 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ አንድ ቢላዋ በ2000 ዙር ላይ ወደ 330 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ማጠፊያውን ይጎትታል። ይህ ቢላዋ ቢወድቅ በተቃራኒው በኩል ያለው ጓደኛው ያንኑ ኃይል ያለ ተቋዳሽ በሰኮንድ 33 ጊዜ በኩሽኔታው ላይ ያሳርፋል። ከዚህም የተነሣ አንድ ቢላዋ ሲሰበር ተቃራኒውም አብሮ ይለወጣል፤ አዲስና አሮጌ ተደባልቀው አይሰቀሉም፤ ከመሰቀላቸውም በፊት በሚዛን ይመዘናሉ። ንዝረት የተሰማው ነጂ ሥራውን ወዲያው ማቆም አለበት፤ ምክንያቱ የተሰበረ ቢላዋ ወይም በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ከቢላዋው ስለት ይልቅ ማጠፊያው በጥንቃቄ መታየት አለበት። ስለቱ ቢደነዝዝ ሥራው ይበላሻል፤ የማጠፊያው ቀዳዳ ሰፍቶ ወይም ብሎኑ ተበልቶ ቢላዋው ቢፈናጠር ግን ሰው ይሞታል። በየጊዜው ብሎኑን ፈትቶ ወገቡ መቅጠኑን ማየት፣ የተበላውንም በተራ ብሎን ሳይሆን ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀው ጠንካራ ብሎን መተካት ያስፈልጋል። ቢላዋው በማጠፊያው ላይ በነፃ መወዛወዝ አለበት፤ ዝገትና ጭቃ የያዘው ማጠፊያ ድንጋይ ሲያጋጥመው ሊታጠፍ አይችልም።

በሥራ ላይ የዘንጉ ዙር ከተወሰነው መውረድ የለበትም። 540 ይሆን የነበረው ዙር ወደ 400 ቢወርድ የቢላዋው የመምታት ጉልበት ወደ 55 ከመቶ ይቀንሳል፤ ማጠፊያውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ኃይልም በዚያው ልክ ይላላል። ስለዚህ ሣሩ ሲከብድ ነጂው ነዳጁን ከመቀነስ ይልቅ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በቀስታ መሄድ ይኖርበታል።

የዘወትሩ ሥራ ጥቂት ነው፤ ኩሽኔታዎቹንና ክሮቼራዎቹን ግራሶ ማጠጣት፣ የቺንጋውን ውጥረት መመልከት፣ የማርሹን ሳጥን ዘይት ማየት፣ ከኋላ ያለው ሩሎ ላይ የተጠመጠመውን ሣር ማጽዳት፣ ከተሰበሩም የክዳኑን መከለያዎች መተካት ናቸው። የኃይል ማስተላለፊያው ዘንግ መሸፈኛ ከተሰበረ መሣሪያው ሊሠራ አይገባም። ዙሪያው 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ በሰኮንድ 9 ጊዜ ሲዞር 1.8 ሜትር ጨርቅ ይጠቀልላል፤ የነጠላ ወይም የካፖርት ጫፍ ከተያዘ ሰው እጁን ለማንሣት እንኳ ጊዜ አያገኝም። ከክዳኑ ሥር እጅ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ መጥፋት፣ ቁልፉ መነቀል፣ ቢላዋዎቹም ፈጽመው መቆም አለባቸው።

መደምደሚያ

ከሜንዚስ የውኃ መኪና እስከ ዛሬው ማጨጃ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሲታይ፣ መሸነፍን የሚያውቅ መገጣጠሚያ ከማይበገር መገጣጠሚያ የበለጠ ዕድሜ እንዳለው ያሳያል። አሳቡን የሠራው የገበሬ እጅ ነው፤ ያሳካው የብረት ጥራት ነው፤ ለሁሉ ያዳረሰው በመሐንዲሶች ማኅበር የተወሰነው ደረጃ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ግን በየጋራዡ የሚፈታው በአንድ የተበላ ብሎን ላይ ነው። ብሎኑን አይቶ የሚለውጥ መካኒክ፣ እንዲለውጠውም መለዋወጫውን በጊዜ የሚያቀርብ መሐንዲስ፣ መሣሪያውን ከፈለሰፉት ሰዎች ያላነሰ ሥራ ይሠራሉ።