የሱንት ደንና የወፎቹ ጠባቂዎች

ከሳጃና ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ከነጭ ዓባይ ዳር ይደርሳል። ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት ከሞግራን ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ለረጅም ዘመን የግራር ደን ቆሞ ኖሯል። ሱዳናውያን ግራሩን «ሱንት» ስለሚሉት ደኑም በዚሁ ስም ይታወቃል። በየዓመቱ በክረምት፣ ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሞልቶ ሲወርድ፣ የነጭ ዓባይን ውሃ ከመጋጠሚያው ላይ ይገታዋል። መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ኋላ ይተኛና ደኑን ያጥለቀልቃል። ጎርፉ ሲሸሽ የሚቀረው ረግረግ፣ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው ለሚመጡ ወፎች የተዘረጋ ማዕድ ነበር። ከጣናና ከጎጃም ተራሮች የወረደው ውሃ፣ ከሩቅ ሰሜን የመጣውን እንግዳ ካርቱም ላይ ይቀበለው ነበር ማለት ነው።

ይህ ደን ለወፎች ሲባል በሕግ የተከለለው በ1939 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን ዛፎቹ በመጥረቢያና በመጋዝ ወደቁ፤ የደኑ አብዛኛው ክፍል የጉቶ ሜዳ ሆነ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ክልክል በሁለት ዓመት ውስጥ እንዴት ሊጠፋ ቻለ? ጦርነቱ የመጨረሻው ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። መልሱን ለማግኘት በዚህች ከተማ ወፎችን ማን ይመለከት እንደነበረ፣ ስለ እነርሱስ ማን ይናገር እንደነበረ ወደ ኋላ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ላባና ጠመንጃ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካርቱም የንግድና የአሳሾች መናኸሪያ ነበረች። የእንስሳትን ሕይወት በሚተርኩ መጻሕፍቱ በኋላ ዝነኛ የሆነው ጀርመናዊው አልፍሬድ ብሬም በ1848 ገና ወጣት ሳለ እዚህ ደርሷል። በኦስትሪያ ቆንስላ ያገለገለው ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ደግሞ ከካርቱም ተነሥቶ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ዘልቋል፤ በ1862ም በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ተመልሶ አገሪቱን ጎብኝቷል። ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች የጻፈው ሰፊ ሥራ ለብዙ ጊዜ የመስኩ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። የኢትዮጵያና የሱዳን ወፎች በአንድ መጽሐፍ የተመዘገቡት፣ ወፎቹም መንገዱም አንድ ስለሆኑ ነው።

የዚያ ዘመን ተመራማሪ መሣሪያ ግን ጠመንጃ ነበር። ወፍ የሚታወቀው ተገድሎ፣ ቆዳው ተገፎና ደርቆ ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክር ሲላክ ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን የኮርዶፋንና የዳርፉር የሰጎን ላባ በግመል እየተጫነ፣ ባርኔጣቸውን በላባ ለሚያስጌጡ የአውሮፓ ሴቶች ይሄድ ነበር። ይህን ንግድ በመቃወም በ1889 በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር አካባቢ፣ ላባ ላለመልበስ የተስማሙ ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር ከዓለም ቀደምት የወፍ ጥበቃ ማኅበራት አንዱ ሆነ። የወፍ ወዳጅነት ከአደን ተለይቶ የሕዝብ ጥያቄ የሆነው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ላባው ከሄደበት አገር ማኅበር ሲበቅል፣ ላባው በተነቀለበት አገር ግን ጉዳዩ የገዢዎች ሥራ ሆኖ ቀረ።

በዐዋጅ የተከለለ ደን

በ1900 ለንደን ላይ የተሰበሰቡ ቅኝ ገዢ መንግሥታት ስለ አፍሪካ የዱር እንስሳት፣ ወፎችና ዓሦች ጥበቃ ውል ተፈራረሙ። ፈጽሞ እንዳይገደሉ ከተባሉት መካከል ጥንብ አንሳና ጉጉት ይገኙበታል። በ1933 ሁለተኛ ውል ተከተለ። የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደርም በ1935 ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ያለውን የዲንደር ፓርክ አቋቋመ፤ በ1939 ደግሞ የሱንት ደንንና ግድቡ በ1937 የተጠናቀቀውን የጀበል አውሊያን ሐይቅ የወፎች መጠለያ አድርጎ ደነገገ።

ድንጋጌው መልካም ነበር፤ ጉድለቱ ከአሠራሩ ላይ ነው። ወፎቹን የሚመለከቱትና የሚመዘግቡት በአብዛኛው የአስተዳደሩ ሹማምንት፣ መኮንኖችና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ነበሩ። የሱንት ፍሬ የሆነውን «ገረድ» ለቆዳ ማልፊያና ለጉንፋን መድኃኒት የሚለቅመው፣ ግንዱን ለጀልባ የሚጠርበው፣ ከደኑ ዳር መረቡን የሚጥለው ሰው ግን ከሕጉ አንጻር ተከልካይ እንጂ ጠባቂ አልነበረም። ስለ ሱዳን ወፎች ዋነኛ የሆኑት ሁለት መጻሕፍት፣ የኬቭና የማክዶናልድ የ1955ቱ ሥራና የጌርሃርድ ኒኮላውስ የ1987ቱ የስርጭት መዝገብ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው።

ሕዝቡ ለወፍ ደንታ አልነበረውም ማለት አይደለም። ሱዳናውያን «ሲምቢር» የሚሉት ሽመላ የኸሪፍ አብሳሪ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ ከዝናቡ ጋር ይደርሳል፤ በመንደር ዛፍና በጎጆ ጣሪያ ላይ ጎጆውን ይሠራል፤ ዝናብንና በረከትን ያመጣል ስለሚባልም አይነካም። ይህ ሽመላ ያለ ዐዋጅ ተጠብቆ የኖረ ወፍ ነው። በባህሉ የነበረው ጥበቃና በሕጉ የተጻፈው ጥበቃ ግን በሱንት ደን አልተገናኙም።

ማኅበር ያልበረታበት ከተማ

ከነጻነት በኋላ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከሩ ነበሩ። የሱዳን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር በ1975 ተቋቁሟል፤ በካርቱም ዩኒቨርሲቲም የወፍ ጥናት ሰዎች አልጠፉም። ሆኖም አጉሊ መነጽር አንግቶ በወንዝ ዳር መቆም በካርቱም ቀላል ነገር አልነበረም። ለረጅም ዓመታት ፎቶግራፍ ለማንሣት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ድልድዮችንና የመንግሥት ሕንፃዎችን ማንሣት ደግሞ ክልክል ነበር። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት፣ ወፎቹም የሚበዙበት ቦታ ድልድዩና ቢሮው የበዛበት ስፍራ ነው። በ2012 በዳርፉር የተያዘ አንድ ጥንብ አንሳ፣ የጉዞ መከታተያ መሣሪያና የእስራኤል ምልክት ስለተገኘበት ለስለላ የተላከ ነው ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ተጽፎለታል። ወፉ ራሱ በሚጠረጠርበት አገር ተመልካቹ እንዴት ባለ ዐይን ይታይ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

እንዲህም ሆኖ ከተማው እየሰፋ፣ የወንዝ ዳር መሬት ዋጋም እየናረ ሄደ። በ2000ዎቹ፣ የነዳጅ ገንዘብ በካርቱም በፈሰሰበት ጊዜ፣ በሞግራን የንግድ ማማዎችን፣ መኖሪያ ቤቶችንና የጎልፍ ሜዳን የሚያካትት ሰፊ የግንባታ ዕቅድ ወጣ። የዕቅዱ ስም ራሱ ከደኑ የተወሰደ ነበር፤ «አልሱንት» ተባለ። ተቆርቋሪዎች ስለ ደኑና ስለ ወፎቹ ተከራከሩ፤ ድምፃቸው ግን የባለሙያዎች ድምፅ ሆኖ ቀረ። ከጀርባቸው በየሳምንቱ ደኑን የሚጎበኝ፣ ወፎቹን በስም የሚያውቅና የሚቆጥር የከተማ ሕዝብ አልተሰለፈም። ደኑን በኋላ ከሙሉ ግንባታ ያተረፈው የሕዝብ ክርክር ሳይሆን የገንዘብና የፖለቲካ መዋዠቅ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የበርጋ ረግረግ

ኢትዮጵያውያን ስለ አንዲት ወፍ የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ጠፍቶ ጠፍቶ በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ» ይሉታል። የመስቀል ወፍ ከሚባሉት ትንንሽ ወፎች ብዙዎቹ ግን የትም አይሄዱም። ወንዱ በክረምቱ ማብቂያ፣ በመራቢያው ወራት፣ ደማቅ ላባ ያወጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይጥለውና እንደ ድንቢጥ ግራጫ ሆኖ ከመንጋው ይቀላቀላል። ዓመቱን ሙሉ ያልተከታተለ ሰው ሄደች ይላል፤ የተከታተለ ግን ከዐይኑ ሥር እንደነበረች ያውቃል።

እንዲህ ያለውን መከታተል ሥራዬ ብሎ የያዘው በአዲስ አበባ በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ማኅበሩ የመንግሥት ለውጦችን ተሻግሮ፣ በ1996 ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 ቦታዎችን መዝግቦ አሳተመ። መዝገብ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው ግን የበርጋ ታሪክ ነው።

በርጋ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አካባቢ የሚገኝ ረግረጋማ ሜዳ ነው። በክረምት በሣሩ ውስጥ ከድርጭት የምታንስ፣ ስትበር ብቻ የክንፏ ነጭ የሚታይ፣ እጅግ ብርቅ የሆነች ወፍ ትፈለፍልበታለች። በዓለም ላይ ይህች ወፍ በወጉ የምትታወቀው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆን፣ ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመድባለች። ችግሯ ቀላልና ከባድ ነበር፤ እንቁላሏን በምትጥልበት ወቅት ሜዳው የከብት ግጦሽ ነው።

ማኅበሩ ገበሬዎቹን ከሜዳው ለማስወጣት ዐዋጅ አልጠየቀም። ከነዋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ የአካባቢ ጠባቂ ቡድን እንዲቋቋም አደረገ፤ በመራቢያው ወራት ግጦሹ እንዲገደብም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተስማሙ። ይህችኑ ወፍ የሚከታተል አንድ የደቡብ አፍሪካ በጎ አድራጊ ድርጅት ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ለማሠራት ረዳ። የበርጋ ችግር ሁሉ አልተፈታም፤ የከብቱም የሣሩም ፈላጊ ብዙ ነው። ነገር ግን በበርጋ ወፏ ተረግጣ ብትጠፋ የሚያውቅ፣ አውቆም የሚጮህ የአካባቢ ሰው አለ። ሱንት ያጣው ይህን ነው።

ጉቶውና ዘሩ

ጦርነቱ ካርቱም በገባ ጊዜ ጋዝ ጠፋ፤ ከተማዋ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ተመለሰች። ለአንድ ድስት ማገዶ የቆረጠ ነበር፤ በጦር መሣሪያ ጥላ ሥር ለገበያ የጨፈጨፈም ነበር። ጠባቂውም እንደ ማንኛውም ሰው ሸሽቷል። በዚያው ወቅት፣ በ1929 የተመሠረተው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ከውጊያው መካከል ወደቀ፤ በሕይወት ይጠበቁ የነበሩት እንስሳት መጋቢ አጥተው አለቁ፤ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰቡት የወፍና የአራዊት ናሙናዎችም ጠፉ። ከተማዋ ደኗንና የደኗን ማስታወሻ በአንድ ጊዜ አጣች። ሳጃናም፣ በወኅኒ ጠባቂዎች ስም የተጠራው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የኖሩበት ሰፈር፣ በአብዛኛው ባዶ ሆነ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ሲምቢር ወደማይፈራው ወደ መተማ ድንበር በእግርና በመኪና ተጓዙ።

የመንግሥት ጦር በመጋቢት 2025 ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪዎች መመለስ ጀምረዋል። ቅድሚያው ውሃ፣ መብራትና ሐኪም ቤት እንደሚሆን ግልጽ ነው፤ በዚህ መካከል ስለ ወፍ መናገር ቅንጦት ይመስላል። ይሁንና የሱንት ደን የወፍ ቤት ብቻ አልነበረም። የጎርፉን ኃይል የሚያበርድ፣ የወንዙን ዳር የሚይዝ፣ ለሚሞቀው ከተማ ጥላ የሚሰጥ ነበር። ደኑ ካልተመለሰ መሬቱ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ትናንት የተዘረጋው የማማ ንድፍ ከጉቶ ሜዳ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

የሱንት ግራር ከሌሎች ዛፎች የሚለይበት ጸጋ አለው። ፍሬው ጎርፉ በሸሸበት ለም ጭቃ ላይ ሲዘራ ይበቅላል፤ የሱዳን ደን ጠባቂዎችም በዓባይ ዳርቻ ደኖችን በዚህ መንገድ እየዘሩ፣ ከ20 እስከ 30 ዓመት እያሳደጉ ሲቆርጡና መልሰው ሲዘሩ ኖረዋል። ዘሩና አፈሩ ስላሉ ደኑ ሊመለስ ይችላል። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ነገር በ1939 ያልነበረው ነው፤ ችግኙን በግና ፍየል እንዳይበላው የሚያይ ጎረቤት፣ በየወሩ ወርዶ የመጣውንና ያልመጣውን ወፍ የሚመዘግብ ማኅበር፣ ልጆችን ይዞ የሚወርድ መምህር። ለዚህ የውጭ ቋንቋም ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ዐረብኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ያንኑ ወፍ ያያል።

ሲምቢር ጦርነቱ በነበረባቸው ዓመታትም መንገዱን አልቀየረም፤ ከኸሪፍ ጋር ይመጣል፤ ዝናቡ ሲያበቃም ወደ ደቡብ ይመለሳል። የሚያርፍበትን ዛፍ መትከል ግን የወፉ ሳይሆን የነዋሪው ሥራ ነው።