የማይታዩ ከብቶች

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እናትና ልጅ ይኖራሉ። እናትየው ነርስ ናት፤ ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። አንድ ማታ ልጁ ከስልኩ ቀና አለና፣ «እማዬ፣ ሳሎን ውስጥ ዓሣ እናርባ» አላት። «ዓሣው የሚጥለው ቆሻሻ ለሰላጣው ምግብ ይሆናል፤ ሰላጣው ደግሞ ውሃውን አጥርቶ ለዓሣው ይመልስለታል። አኳፖኒክስ ይባላል።» ሌላ እናት ብትሆን «አርፈህ አጥና» ትለው ነበር። እሷ ግን ደብተር አምጣ አለችው።

ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው የልጁ ምኞት ነው፦ አንድ 200 ሊትር በርሜል፣ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ፣ 40 ቆሮሶ ዓሣ። እሁድ ቡና ሲፈላ ምድር ቤት ያሉት ጎረቤት ተጠሩ። ዕድሜያቸውን በውሃ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ እናትየው «ጋሼ» ትላቸዋለች፣ ልጁ «አባባ»። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አነበቡና፣ «ዓሣው ይቆየን። ይሄ ሁሉ ስንት ይመዝናል?» አሉ።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ አብረው አሰሉት። ውሃው 200 ኪሎ ነው። መደቡ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከተሰጠው 300 ሊትር ጠጠር ይበላል፤ በጠጠሩ መካከል የሚቆመው ውሃ ደግሞ አለ። ተደማምሮ ከግማሽ ቶን ያልፋል። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ሸክም ነው የሚታሰብለት። «ስለዚህ እኩሌታውን ቁረጠው» አሉት አባባ፤ «100 ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ካሬ ሜትር መደብ፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር። ለሰላጣና ለበሶብላ ይበቃል። መሐል ሳሎን ሳይሆን ግድግዳውን አስጠግተህ፣ ቢም ባለበት በኩል። ያም ሆኖ መሐንዲስ ሳታዩ እንዳትሞሉት።» እኔም እላችኋለሁ፦ ስለዚህ ሥራ የሚያወራ ሁሉ ከዓሣው ይጀምራል፤ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን ከኪሎው ይጀምር።

ጠጠሩን ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ከድሮ እሳተ ገሞራ ጉብታዎች የሚቆፈረው ቀይ ድንጋይ አለ። ቀላል ነው፤ ሁለመናው ቀዳዳ ነው። የቀዳዳውን ጉዳይ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። አቧራው እስኪለቅ ደጋግሞ ማጠብ ይፈልጋል። ሌላ ጠጠር ያገኘ ሰው ደግሞ ጥቂት አቼቶ ያፍስበት፤ አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበትና ይተወው፣ ውሃውን ያበላሸዋል።

የዓሣውን ቁጥር ያወጡት ከመኖው ተነሥተው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው የአነስተኛ አኳፖኒክስ መመሪያ፣ ቅጠላ ቅጠል ለተተከለበት አንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ መኖ ይመደባል። ለግማሽ ካሬ ሜትር እንግዲህ 20 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ያደገ ቆሮሶ በቀን ከክብደቱ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ይበላል፤ ሦስት መቶ ግራም የሚመዝኑ አምስት ዓሦች 20 ግራሟን ይጨርሷታል። 40 የነበረው አምስት ሆነ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፣ ግን ስሌቱን የሠራው ራሱ ነውና የሚከራከረው አጣ። እናቱም አልዋሸችውም፤ «ከዚህ የምናገኘው ምግብ ሰላጣው ነው፤ ዓሣው በዓመት አንድ ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ ቢወጣ ነው» አለችው።

ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። በ27ና በ30 ዲግሪ መካከል ደስ ይለዋል፤ ከ17 ሲወርድ መብላት ይተዋል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። የአዲስ አበባ ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ለእሱ ብርድ ነው። ስለዚህ ባለ ቴርሞስታት ማሞቂያ፣ በርሜሉ ላይ የሚጠቀለል ወፍራም ፎም፣ ከላይ ክዳን ተያዘ። ክዳኑ ለሌላም ይጠቅማል፤ ብርሃን ያገኘ ውሃ አልጌ ያበቅላል፣ የተከፈተ ውሃም ግድግዳውን ያሻግታል። ሰላጣው ግን ብርሃን ይሻልና መደቡ መስኮቱ ሥር ሆኖ፣ ክረምት ሲገባ ኤል ኢ ዲ መብራት ሊጨመርለት ተወሰነ።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ልግባ። ልጁ ደብተሩን ዘጋና፣ «ታዲያ ዓሣውን መቼ እናምጣ፣ አባባ?» አለ።

«ከብቶቹ ከገቡ በኋላ» አሉት።

«የምን ከብቶች?»

«እዚህ ቤት ልታረቡ ያሰባችሁት ዓሣና ሰላጣ ብቻ መሰለህ? የማይታዩም አሉ። እነሱ ሳይኖሩ ዓሣው ከገዛ ገላው በሚወጣው አሞኒያ ይሞታል።»

የማይታዩት እንዴት እንደታወቁ ታሪኩን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1877 ፓሪስ ውስጥ ቴዎፊል ሽሎዚንግና አሺል ሙንትስ የሚባሉ ሁለት ኬሚስቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን አፈር ውስጥ አሞኒያ ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ ይታወቃል፤ ማን እንደሚለውጠው ግን አልታወቀም። ብዙዎች አየርና አፈር ሲገናኙ በራሱ የሚሆን ነገር ነው ይሉ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ረጅም ቱቦ ውስጥ አሸዋና የኖራ ድንጋይ ሞሉ፤ የከተማ ፍሳሽ ቀስ እያለ እንዲወርድበት አደረጉ። ከታች የሚወጣውን በየቀኑ ይመረምራሉ። ቀናት አለፉ፣ አሞኒያው እንደገባ ይወጣል። ወደ ሃያ ቀን ገደማ ሲሆን ናይትሬት ብቅ አለ፤ ከዚያ እየበዛ ሄደ። በራሱ የሚሆን ነገር ቢሆን ኖሮ ሃያ ቀን ምን አስጠበቀው? ጥርጣሬያቸውን ለማረጋገጥ የክሎሮፎርም እንፋሎት ወደ ቱቦው ሰደዱ። ናይትሬቱ ቀጥ አለ። ክሎሮፎርሙን ቢያቆሙም አልተመለሰም። ከዚያ ትንሽ የአፈር እጣቢ ጨመሩበት፤ ጥቂት ቆይቶ ናይትሬቱ ተመለሰ። እንግዲህ በቱቦው ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ1890 ገደማ፣ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ዙሪክ ውስጥ እነዚያን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣቸው፤ አንዱ ወገን አሞኒያን ናይትራይት ያደርጋል፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተረክቦ ናይትሬት ያደርጋል። ሰላጣው የሚወደው ይህን የመጨረሻውን ነው።

የቀይ ድንጋዩ ቀዳዳ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ከብቶቹ ውሃው ውስጥ ሲንሳፈፉ አይውሉም፤ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት፤ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ብዙ ያሳድራል። እነሱ ተራብተው እስኪሞሉት ውሃው በሙቀት ቢያዝ እንኳ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ከቀዘቀዘ ከዚያም ያልፋል። በቤት ውስጥ ዓሣ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ቅዳሜ ገንዳ ይገዛል፣ እሁድ ዓሣ ይጨምራል፣ በሳምንቱ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ ያዞራል፤ ሰውየውም «እኔ ዕድል የለኝም» ብሎ ገንዳውን ጣሪያ ላይ ይጥለዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ዕድል አልጎደለውም፣ የጎደለው አንድ ወር ነው።

ከዚያ የቧንቧው ውሃ ጉዳይ ተነሣ። ሰው እንዲጠጣው ክሎሪን ይገባበታል፤ ክሎሪን ደግሞ ዓሣውንም የማይታዩትንም ይጎዳል። «ለፈረቃው ብላችሁ ሮቶ ውስጥ የምታቆሩት አይደል?» አሉ አባባ፤ «ከሱ ቀድታችሁ ክፍት ሳፋ ላይ አንድ ቀን አየር እየነፋችሁ አቆዩት።»

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ያነሣችው እናትየው ናት። ፓምፑ ሲቆም ውሃው መዞር ያቆማል፤ ዓሣውም ባክቴሪያውም ኦክስጅን ያጣሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን ላያነሣው ይችላል። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ከማሞቂያው በፊት እንዲገዛ በደብተሩ ላይ ተሰመረበት።

መሐንዲሱ መጥቶ ቦታውን አየ፣ ሸክሙ ተወሰነ፣ ቀዩ ድንጋይ ታጠበ፣ ፓምፑ ዞረ። ዓሣ የለም። ልጁ በየቀኑ ቁንጥር የተፈጨ መኖ ውሃው ላይ ይነሰንሳል፤ መኖው ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ ለከብቶቹ ቀለብ ማለት ነው። በየማታው በጠብታ መመርመሪያው ይለካና ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ ይሞላል፦ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት። አሞኒያው ወጣ። ቆየና መውረድ ጀመረ፤ ናይትራይቱ በተራው ወጣ። አንድ ማታ የአሞኒያው ዓምድ ዜሮ ሆነ።

«እማዬ፣ አለቀ! ነገ ሰበታ እንሂድና የዓሣ ጫጩት እናምጣ!»

እናቱ ደብተሩን ተቀበለችው። «ሁለተኛውን ዓምድ አየኸው?»

«እሱ እኮ ቀስ ብሎ ይወርዳል።»

«ናይትራይት ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢኑን ይለውጠዋል። ከዚያ ኦክስጅን መሸከም አይችልም፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል። በሰውም ላይ ይደርሳል፣ ተምሬዋለሁ። ዓሣው በጠራ ውሃ ውስጥ፣ አየር እየተነፋለት፣ ታፍኖ ነው የሚሞተው። ይህን ታደርግበታለህ?»

ልጁ መልስ አልሰጠም። በማግሥቱ መኖውን ነሰነሰ፣ ማታ ለካ፣ ጻፈ። ጠበቁ። ሁለቱም ዓምዶች ዜሮ ሆነው ሦስተኛው ብቻ ሲቀር፣ አባባ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡና «አሁን ሂዱ» አሉ። አምስት ጫጩት መጣ፤ ጫጩቶቹ ገና ጥቂት ስለሚበሉ የሰላጣው ችግኝም በመደቡ ሩብ ላይ ብቻ ተተከለ። የዓሦቹ ክብደት ሲጨምር መኖው ይጨመራል፣ መኖው ሲጨመር ሌላው ሩብ ይተከላል፤ የሚለካው ደግሞ ልጁ ነው።