ጫካ ውስጥ የተተኮሰውን ማን ሰማው?

የአፍሪካ የጫካ ዝሆን ቁጥር ከ2002 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ በ62 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ለዚህ ዝሆን መፍትሔ ተብለው ከሚነገሩት አንዱ የድምፅ መቅረጫ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል፣ የሚወራለትን ያህል ግን አይደለም።

በ1984 ኬቲ ፔይን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ፖርትላንድ ከተማ ባለ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖቹ አጠገብ ሳለች አየሩ ሲርገበገብ ተሰማት። በጆሮ የሚሰማ ነገር ግን አልነበረም። ቀደም ሲል የዓሣ ነባሪ ዜማ ስታጠና ስለኖረች ነገሩን ችላ አላለችውም። ቀድታ ቀረጻውን አፍጥና ስታዳምጠው ዝሆኖቹ የሰው ጆሮ በማይደርስበት ወፍራም ድምፅ እንደሚጠራሩ ታወቀ።

የሜዳውን ዝሆን ከአውሮፕላን መቁጠር ይቻላል። የኮንጎ ተፋሰስ ጫካ ግን ከላይ ሲያዩት ቅጠል ብቻ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለዘመናት ፋንድያ እየቆጠሩ ነው የኖሩት (ቀልድ አይደለም፣ ዛሬም ይሠራበታል)። ወፍራም ድምፅን ደግሞ ቅጠል ብዙም አያግደውም። ፔይን በ1999 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዝሆን ማዳመጫ ፕሮጀክትን የመሠረተችው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

ለዝሆን ድምፅ ዛፍ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ የጥይትንም ድምፅ ይቀዳል። ሰዎችን ያጓጓውም ይኸው ነው። በሰሜን ኮንጎ ኑዋባሌ ንዶኪ ፓርክና አካባቢው በ1,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 50 መቅረጫዎች ተተክለዋል። ነገር ግን ቀረጻው የሚሰበሰበው ወራት እየቆየ፣ ሰው በእግሩ ሄዶ ባትሪና ካርድ ሲቀይር ነው። ጥይቱ በኮምፒውተር እስኪለይ አዳኙ ጥርሱን ሸጦ ጨርሷል። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፦ ተኩስ የት እንደሚበዛ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚተኮስ፣ የጠባቂዎቹ ቅኝት ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ያሳያል። ሒሳብ መያዣ ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም።

በግንቦት 2013 የሆነውን እናስታውስ። የሴሌካ አማፅያን ባንጊን ከያዙ ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ታጣቂዎች በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዝሆኖች ጨው ፍለጋ ወደሚሰበሰቡበት ዛንጋ ባይ ገቡ፤ ቢያንስ 26 ዝሆኖችም ገደሉ። ተኩሱን በአካባቢው የነበሩ ሰዎች በገዛ ጆሯቸው ሰምተውታል። ያን ቀን የጠፋው የሚሰማ አልነበረም፤ ሰምቶ የሚደርስ መንግሥት ነበር። መቅረጫ የሚለግስ ለጋሽ ዛሬም አይጠፋም፤ የጠባቂዎቹን ደመወዝ በየወሩ የሚከፍል ግን ጥቂት ነው።