ከጎላ እስከ ሸንተረር ድስት፤ የሜፕል ሽሮፕ አምራቾችና የማገዶ እሳት

በካናዳዋ ኩቤክና በአሜሪካዋ ቨርሞንት ያሉ ገበሬዎች ሜፕል ከተባለው ዛፍ ግንድ ፈሳሽ እየቀዱ፣ ያንኑ በማገዶ እያፈሉ ሽሮፕና ስኳር ሲያመርቱ ኖረዋል። ሥራው እንደ ማር ቆረጣ ወቅቱን የሚጠብቅ ነው። ፈሳሹ የሚወርደው ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ሞቅ ያለ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ዘመኑ በሙሉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢሆን ነው። የተቀዳው ቶሎ ካልፈላ ይበላሻል። በመሆኑም የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ በእነዚያ ሳምንታት እሳቱ እንዴት እንደነደደ ይወሰን ነበር።

ችግሩን ቁጥር ያስረዳዋል። ከግንዱ የሚወጣው ፈሳሽ ከመቶ 98 እጅ ያህሉ ውኃ ሲሆን፣ ሽሮፕ ለመባል ግን ከመቶ 66 እጅ ስኳር መድረስ አለበት። የቨርሞንት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ባልደረባ የነበሩት ሲ. ኤች. ጆንስ ለገበሬው የሚመች አንድ ቀላል ስሌት አውጥተዋል፤ 86ን በፈሳሹ የስኳር መጠን ማካፈል። ሁለት ከመቶ ስኳር ካለው 43 ሊትር ፈልቶ አንድ ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል ማለት ነው። ቀሪው 42 ሊትር ተንኖ መጥፋት አለበት። በረዶ የሚመስለውን ፈሳሽ እስከ መፍላት ማድረስ ቀላሉ ክፍል ነው፤ የፈላውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ከዚያ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይጠይቃል። በተለመደው ግምት 3.6 ሜትር ኩብ ክምር ማገዶ ነድዶ የሚገኘው ሽሮፕ 95 ሊትር ገደማ ነው።

የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ አቤናኪና አኒሺናቤ የመሳሰሉት፣ ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ጀምሮ የዛፉን ፈሳሽ ያውቁት ነበር። የብረት ጎላ በንግድ ሲገባ ማፍላቱ ተስፋፋ። ጎላው ከእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ በሜዳ እሳት ይነድበት ነበር። ሙቀቱ ግን በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ሰማይ ነው፤ ጎላው ሆዱ ጥልቅ፣ አፉ ጠባብ በመሆኑ ፈሳሹ ለእሳቱም ለአየሩም የሚያሳየው ገጽ ትንሽ ነበር። ከዚህም በላይ አዲስ ፈሳሽ በአሮጌው ላይ እየተጨመረ ቀኑን ሙሉ ስለሚፈላ ስኳሩ ይጠቁራል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጎላው በድንጋይ ምድጃ ላይ ለተቀመጠ ሰፊና ጠፍጣፋ ድስት ቦታውን ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1858 ዲ. ኤም. ኩክ የተባሉ የኦሃዮ ሰው ውስጡ በግድግዳዎች የተከፋፈለ ድስት በስማቸው አስመዘገቡ። ፈሳሹ በአንድ ጫፍ ገብቶ እየተጠማዘዘ ሲሄድ እየወፈረ በሌላው ጫፍ ይወጣል፤ አሮጌው ከአዲሱ አይቀላቀልም። ይህ ድስት በዚያ ዘመን በብዛት የዋለው ለጣፋጭ ማሽላ፣ የእኛ አገር ሰው ጥንቅሽ ለሚለው ዓይነት አገዳ፣ መሆኑ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከሁሉ ይበልጣል፤ የኋለኛው ድስት ወለል እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግን በጣም ጥልቅ የሆነ ሸንተረር ወጣለት። ነበልባሉ በሸንተረሮቹ መካከል ሲያልፍ የሚነካው ብረት በብዙ እጥፍ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1888 ሊደር የተባለው ፋብሪካ በቨርሞንት ተቋቋመ፤ በ1890 ደግሞ ጂ. ኤች. ግሪም ሥራቸውን ከኦሃዮ ወደ ራትላንድ ከተማ አዛወሩ።

ይሁንና ጥሩ ድስት የገዛ ሁሉ ጥሩ አላፈላም። ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ድስት ይዘው አንዱ እኩለ ቀን ላይ ሲጨርስ ሌላው ሌሊቱን ያነጋ ነበር። ልዩነቱ ያለው ከድስቱ በታች ነው። እርጥብ ማገዶ መጀመሪያ የራሱን ውኃ ማትነን አለበት፤ ሙቀቱም በዚያው ያልቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው አምራች ማገዶውን ከአንድ ዓመት በላይ ከጣሪያ ሥር ያደርቃል፣ እንደ ክንድ አንጓ አቅጥኖ ይፈልጠዋል። ወፍራም ግንድ አጭቆ ለሰዓት መርሳት ምቹ ይመስላል፣ ነገር ግን መፍላቱን ያቀዘቅዘዋል። ትንሽ ትንሽ፣ አየር እንዲያልፍ አነባብሮ፣ በየሰባት ወይም አሥር ደቂቃው መጨመርና በሩን ፈጥኖ መዝጋት ይሻላል። የተከፈተ በር ቀዝቃዛ አየር በድስቱ ሥር ያስገባልና።

አየርም የራሱ ሥርዓት አለው። ከፍርግርጉ ሥር የሚገባው ፍሙን ያነዳል። ማገዶው ሲግል የሚለቀው ጋዝ ግን ከላይ ተጨማሪ አየር ካላገኘ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ጥቁር ጭስ ያልነደደ ማገዶ ነው። ለዚህም ከእሳቱ በላይ በቀጫጭን ቱቦ አየር የሚነፋ ማራገቢያ፣ የአንጥረኛን ወናፍ ዘመናዊ ወንድም ማለት ይቻላል፣ ሥራ ላይ ዋለ። ግድግዳውን እሳት በሚችል ጡብ መለበድ፣ ከእሳቱ ኋላ ያለውን ወለል ሽቅብ ሠርቶ ነበልባሉን ወደ ሸንተረሩ ማስጠጋት፣ ጥላሸቱን አዘውትሮ መጥረግ፣ ቀዝቃዛውን ፈሳሽ በሚወጣው እንፋሎት አስቀድሞ ማሞቅም ትርፋቸው ቀላል አይደለም። የፈሳሹ ጥልቀት ሲያንስ መፍላቱ ይፈጥናል፤ ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከወረደ ድስቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያራል፣ ብዙ ገበሬም በስስት ድስቱን አቃጥሏል።

ፍጥነት ዋጋም ነው። ቶሎ የፈላ ሽሮፕ ፈካ ያለ ሲሆን፣ በእሳት ላይ የቆየው ይጠቁራል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኩቤክ ጥቁር ስኳር ዋና ገዢዎች የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ዋጋውንም የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 በሲሪል ቫያንኩር መሪነት የተቋቋመው፣ ኋላ ሲታዴል በሚል ስም የታወቀው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የተነሣው ጥራቱን አሻሽሎ አባላቱን ከዚህ ለማላቀቅ ነበር። በምድጃው ሥር የሚደረገው ጥንቃቄ ገበያ ላይ ዋጋ ማግኘት የሚችለው የሚሸጥለት ሲኖር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1973 የነዳጅ ዋጋ መናር በኋላ በዘይት ያፈሉ የነበሩት ተቸገሩ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም ውኃውን ከመፍላቱ በፊት በግፊት የሚያጣራ መሣሪያ ወደ ሜፕል ጫካ ገባ። ፈሳሹ ስምንት ከመቶ ስኳር ሆኖ ድስት ውስጥ ከገባ የሚተነው ውኃ ወደ ሩብ ይወርዳል። መሣሪያው ግን ውድ ነው። በርካታ ትንንሽ አምራቾች ዛሬም በማገዶ ብቻ ያፈላሉ። የዛፉ እምቡጥ ሲያብጥ የሽሮፑ ጣዕም ይበላሻልና እሳቱ ይጠፋል፤ ድስቱ ይታጠባል፣ ሸንተረሩ ይጠረጋል፣ ከዚያም የሚቀጥለው ዓመት ማገዶ ይፈለጣል።