ለቀምት፣ ለገሀር እና «ለ»

ሰሞኑን አንድ ልጅ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ለቀምትና ነቀምት ሁለት ከተማ ናቸው እንዴ?» አለኝ። የአያቱ የቦታ ወረቀት «ለቀምት» ይላል፣ የሱ መታወቂያ «ነቀምት»። አንድ ቢሮ ሄዶ «ይሄማ ሌላ ከተማ ነው» ብለው መለሱት።

ያችው የኛዋ ነቀምቴ ናት። ድሮ በአማርኛም በፈረንጆች ጽሑፍም ለቀምት ትባል ነበር። የወለጋ ቡና እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ «ለቀምፕቲ» እየተባለ ነው የሚሸጠው።

ጆሮን የምታሳስተው «ለ» ናት። ለጊምቢ፣ ለነጆ፣ ለደምቢ ዶሎ ማለት ስለለመድን መስተዋድድ ትመስለናለች። «ቀምት» የሚባል አገር ግን የለም።

የለገሀርን ስም አስቡት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። (ወለጋማ ሳይደርስ ቀረ፣ እሱን ሌላ ቀን።) ኩባንያው የፈረንሳይ ስለነበር ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት። «ጋር» ጣቢያ ነው፤ «ላ» ደግሞ ከሴቴ ስም በፊት የምትመጣ ቃል። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን አጣብቆ ለገሀር አለ። አሁን «ለለገሀር» ብንልም ማንም አይደነግጥም።

ፈረንሳይኛ ከቦታ ስም ጋር አስቸጋሪ ነው። እኛ በአንዲት «በ» በአዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን እንላለን። እነሱ ለከተማ «አ»፣ ሴቴ ለሆነችው ኢትዮጵያ በአፍንጫ የሚወጣ «ኦን»፣ ወንዴ ለሆነው ሱዳን ደግሞ «ኦ» ይላሉ። ኦሮምኛ ጭራሽ ከኋላ ነው የሚያመጣው፦ ነቀምቴቲ።

አናባቢውም ያስቸግራል። በኢ እና በኡ መሀል ያለ ድምፅ አላቸው፣ እኛ የለንም። ስለዚህ «ቢሮ» ከነሱ ስንወስድ በኢ ሰማነው። ከንፈር አሹሎ ኢ ማለት ነው፣ ሞክሩት። ያቺን ድምፅ ትታችሁ «ደሱ» ብትሉ ግን «ከላይ» ያላችሁት «ከታች» ይሆናል!

ወለጋ ውስጥም ይሄው ችግር ነበረ። በኦሮምኛ አናባቢው አጭር ሲሆን መሬት፣ ሲረዝም ለስላሳ የሚል ትርጉም የሚሰጥ ቃል አለ፤ ላፋ። ፊደላችን ደግሞ እርዝመትን ለይቶ አያሳይም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። አንባቢው ቋንቋውን ስለሚያውቅ ከአገባቡ ይለያል። በ1991 ይፋ የሆነው ቁቤ አናባቢውን ደግሞ በመጻፍ ነገሩን ፈታው። ኦነሲሞስ አላየውም፤ በ1931 እዚሁ ነቀምቴ አርፏል።

ለልጁ አሮጌ መጻሕፍትና ካርታ ላይ ለቀምት የሚሉ ገጾችን ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ፣ ይዞ ይሄዳል። እናንተም «ለቀምት» የሚል የቆየ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት ቤታችሁ ካለ የግል መረጃውን ሸፍናችሁ ላኩልኝ። በተለይ ቀን ያለበት ይጠቅመዋል።